የርዳታ እህል ወሩን እንዲዘልቅ፤ ስለ አሰፋፈር የተነገረ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው ስለ እህል ነው፤ ይኸውም በእጃችን አርሰን ስለምናፍሰው ሳይሆን፤ በክፉ ቀን ከመጋዘን ተሰፍሮ ስለሚሰጠው እህል ነው። ምናልባት ከመካከላችሁ፤ «መቱ የዝናም አገር ናት፤ ሶር ዓመቱን ሙሉ ይፈሳል፤ ጫካችን ቡና ነው፤ የርኃብ ነገር ለኢሉባቦር ሰው ምን ያደርግለታል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔም ፊደልና ዳዊት ስማር እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ግን በጸሐፊነት በየቀበሌው ስዞር፤ ልምላሜ ሁሉ ጥጋብ አለመሆኑን አየሁ።

ቡና ተሸጦ ገንዘብ የሚገባው በበጋ ነው፤ የበቆሎው ጎተራ የሚጎድለው ደግሞ በክረምት ነው። በሰኔና በሐምሌ ጫካው ከምንጊዜውም ይልቅ ይለመልማል፤ ድስቱ ግን ባዶ ይሆናል። የቸገረውም ሰው ቡናውን ገና በዛፉ ላይ ሳለ በርካሽ ይሸጠዋል፤ መከሩ በደረሰ ጊዜ ዕዳ ይከፍልበታል እንጂ እህል አይገዛበትም። እንዲህ ያለው ርኃብ ጩኸት የለውም፤ በየቤቱ ተደብቆ ይኖራል።

ደግሞም አገራችን የተራቡ ሰዎች መጠጊያ ሆና ኖራለች። በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ጽኑ ርኃብ በሆነ ጊዜ፤ የዚያ ዘመን መንግሥት 600,000 ያህል ሰዎችን ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አገሮች አስፍሯል፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ወደ ኢሉባቦር መጡ። ወደው የመጡ ነበሩ፤ ሳይወዱ የመጡም ነበሩ። ጤፍና ገብስ የለመደው ሰው በቆሎን ለመደ፤ የደጋው ሰው የቆላው ንዳድ ያዘው፤ በሬውንም ገንዲ የሚሉት በሽታ ፈጀበት። ሁለተኛም በ1996 ዓ.ም. ገደማ ከሐረርጌ የተነሡ ብዙ ቤተ ሰቦች በጨዋቃ ሰፈሩ፤ ጨዋቃ ያን ጊዜ በኢሉባቦር ዞን ሥር ነበር፤ ዛሬ በቡኖ በደሌ ዞን ውስጥ ነው። እነዚህ ሁሉ የመጀመሪያውን መከር እስኪያፍሱ ድረስ በተሰፈረ እህል ኖረዋል። ስለዚህ የርዳታን እህል በአግባቡ መያዝ ለእኛ የሩቅ አገር ትምህርት አይደለም።

እንግዲህ ልነግራችሁ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ የርዳታ እህል ሦስት ጊዜ ይሰፈራል፤ አንድ ጊዜ በመጋዘን፤ አንድ ጊዜ በቤት፤ አንድ ጊዜም በመዝገብ። ከሦስቱ አንዱ ከተበላሸ ሁለቱ ብቻቸውን አያድኑም።

ፊተኛው የመጋዘኑ ስፍር ነው። በ1997 ዓ.ም. በአገራችን የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት፤ ዘወትር የምግብ እጥረት ላለባቸው ወረዳዎች ሲሠራ፤ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ወይም ዋጋውን በገንዘብ ይሰጥ ነበር፤ ኋላም 4 ኪሎ ጥራጥሬ በደንቡ ተጨመረ። ጉልበት ያለው በመንገድና በእርከን ሥራ ያገኘዋል፤ አረጋውያንና ደካሞች ግን ያለ ሥራ ይቀበላሉ። ይህን ቍጥር ያወቀ ሰው በሚዛን ፊት አይታለልም። ያላወቀ ግን በጣሳ የጎደለበትን ከየት ያውቀዋል? ስለዚህ እህል በሚታደልበት ቀን ማንበብ የሚችል ልጅ በሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ቍጥሩን በድምፁ ያንብብ። ይህ ማንንም ሌባ ማለት አይደለም፤ ሚዛን በብዙ ዓይን ፊት ሲሆን ለመዛኙም ክብር ነው።

ሁለተኛው የቤቱ ስፍር ነው። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በወር 75 ኪሎ ቢቀበል፤ ለወፍጮና ለመጓጓዣ 5 ኪሎ ቢወጣ፤ 70 ኪሎ ይቀራል። እማወራይቱ በተቀበለችበት ቀን 16 ኪሎ፤ 16 ኪሎ እያደረገች በአራት ከረጢት ትክፈለው፤ ይኸውም ለአራት ሳምንት ነው። የሚተርፈው 6 ኪሎ ለቀሩት ሁለት ቀኖችና ለድንገተኛ እንግዳ ይሆናል። ሚዛን በቤት ስለማይገኝ፤ አንድ ጊዜ በነጋዴ ሚዛን የተመዘነውን እህል በጣሳ አስገብታ ልኩን በከሰል ምልክት ታድርግበት። ይህን የሚያደርግ ቤት በሃያኛው ቀን ከጎረቤት ብድር አይፈልግም።

ጥራጥሬውን ለሳሙናና ለጨው ብሎ መሸጥ የተለመደ ነው፤ ችግሩን አውቃለሁ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ሽያጭ ጉዳት አለው። የምግብ ሊቃውንት ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ያህል ካሎሪ ይበቃል ይላሉ። በቀን የሚደርሰው ግማሽ ኪሎ በቆሎ ወደ 1,750 ያህል ብቻ ይሰጣል፤ ጉድለቱን የሚሞላው ጥራጥሬው ነው። ሰውነት የሚሠራውም በቆሎ ለብቻው ሳይሆን ከባቄላ ወይም ከቦሎቄ ጋር ሲበላ ነው። በጓሮ ጎመንና ጎደሬ የተከለ ሰው ደግሞ የመጋዘኑን እህል አስረዘመ፤ ጎደሬው ግን ጉሮሮ እንዳይበላ እስኪበስል ድረስ ይቀቀል። አገራችን እርጥብ ስለሆነች እህሉ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። የሻገተ በቆሎ መርዝ ስላለበት ለሕፃን አይሰጥ፤ «ለላም ይሁን» ተብሎም አይሰጥ።

የተሰፈረ እህል ደግሞ ሁልጊዜ እንደ ተሰፈረ አይቀጥልም። በ2015 ዓ.ም. በክረምት መግቢያ፤ እህሉ ለማይገባው ሰው እየዋለ ነው ተብሎ ለአገራችን የሚላከው የምግብ ርዳታ ተቋረጠ፤ የተመለሰውም በ2016 ዓ.ም. ነው። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያም የዓለም የምግብ ፕሮግራም ገንዘብ ስላነሰው፤ በአገራችን ለሚኖሩ 780,000 ስደተኞች የሚሰጠውን ስፍር ከመቶ 60 ወደ ከመቶ 40 ዝቅ አደረገ። ከመቱ በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርድ ሰው እነዚህን ስደተኞች ያውቃቸዋል። ከመቶ 40 ማለት፤ የ30 ቀን ስንቅ የ12 ቀን ሆነ ማለት ነው። ጥፋቱ የጥቂቶች ወይም የሩቅ ሰዎች ሲሆን፤ ጦሙን የሚያድረው ሕፃን ነው።

ሦስተኛው የመዝገቡ ስፍር ነው፤ እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት እናገራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ቀበሌ የተቸገሩትን ሰዎች ስም እንድጽፍ ታዝዤ ነበር። ሕዝቡ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ፤ እኔም የመጣውን ሁሉ ጻፍሁ። ባሏ የሞተባት አንዲት እናት ግን በሰው ፊት ቆማ «ቸግሮኛል» ማለት ስላፈረች ከቤቷ ቀረች። ሽማግሎቹ ችግሯን ያውቁ ነበር፤ ክብሯን የጠበቁ መስሏቸው ዝም አሉ። እኔም፤ ያልመጣ አልቸገረውም ብዬ መዝገቡን ዘጋሁ።

በሁለተኛው ወር መምህሩ ትልቁ ልጇ ከትምህርት ቤት መቅረቱን ነገረኝ። ሄጄ ባይ ልጁ በሰው ማሳ በቀን ምንዳ ይሠራ ነበር። እናቱን ያቆዩአት የተጻፉት ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ከማይበቃው ስፍራቸው እያንዳንዳቸው አንዳንድ ጣሳ ያወጡላት ነበር። እኔ በብዕሬ የሳትሁትን ድሆች በጣሳቸው ከፈሉት። ልጁም በሚቀጥለው ዓመት ወደ ትምህርቱ ተመለሰ፤ ነገር ግን ከታናሽ እኅቱ ጋር በአንድ ክፍል ተቀመጠ። ያን ልጅ ባየሁት ቍጥር ዓይኔን አነሣበት ዘንድ አይቻለኝም።

ስለዚህ አባቶቼና እናቶቼ ሆይ፤ መዝገብ በሚጻፍበት ቀን ያልመጣው ማን እንደ ሆነ እናንተ ጠይቁ፤ ጸሐፊውንም ወደ ቤቱ ይዛችሁት ሂዱ። ዝምታ የድሀን ክብር አይጠብቅም። ያልቸገረውም ሰው ዘመድ በመሆኑ ብቻ ሲጻፍ ተቃወሙ።

እናንተም ወንድሞቼ መምህራን፤ የተማሪ ስም ስትጠሩ የቀረውን ልጅ «ሰነፍ» ከማለታችሁ በፊት ስለ ቤቱ ጠይቁ፤ ርኃብ ከሁሉ በፊት የሚታወቀው በእናንተ መዝገብ ነውና። የሒሳብንም ትምህርት በ75 ኪሎና በ30 ቀን አስተምሩ፤ ልጁ ወደ ቤቱ ሄዶ ለእናቱ ያሰላላታል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፤ ጎተራው ሳይጎድል በኅዳር የተቈጠረ እህል፤ በሐምሌ ከሚለመን እህል ይሻላል። ክፉ ቀን ቢመጣ ግን ሚዛኑ በብዙ ዓይን ፊት፤ እህሉ በአራት ከረጢት፤ የሁሉም ስም በመዝገብ ይሁን።