ከመስከት እስከ ሱር፦ የአንድ ቀን መንገድ

(በማኅበራችን የለጋሾችና የየቲም ቤተሰቦች መድረክ ላይ ከተደረገ ንግግር)

  



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ ከፋላ ነው። ስለ ምንዳው ከዚህ መድረክ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የየቲም አሳዳጊ በጀነት ምን ያህል ቅርባቸው እንደሚሆን በሁለት ጣቶቻቸው ማመልከታቸውን ከመካከላችን የማያውቅ የለም። ስለዚህ እኛ የምንናገረው ስለ አንድ የብስክሌት ጉዞ ይሆናል። መድረሳ ያሳደገው ሰው ከብስክሌት ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ጥቂት ታገሡን።

የጉዞው ባለቤት በዚህ ማኅበር ድጋፍ ያደገ ወጣት ነው፤ ቁርኣን ያስቀራነውም እኛ ነን። ስሙን እንዳንጠራ ለምኖናል። ዛሬ በኦማን ዋና ከተማ በመስከት ሠርቶ አዳሪ ነው። በጥር ወር፣ የዚያ አገር ሙቀት ጋብ በሚልበት ወቅት፣ የአራት ቀን ፈቃድ አግኝቶ በባሕሩ ዳርቻ ብቻውን ተጉዞ ለመመለስ ተነሣ። የመጀመሪያው ቀን ግቡ የሱር ከተማ ነበረች፤ 200 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው።

ሱብሒን ሩዊ በሚባለው ሰፈር ሰግዶ፣ የብስክሌቱን መብራት አብርቶ ወጣ። እስከ ቁረያት ድረስ ያለው 90 ኪሎ ሜትር ያህል ተራራማ ነው። «ኡስታዝ፣ አየሩ ቀዝቃዛ፣ እግሬም ትኩስ ስለነበረ ዳገቱን እንደ ሜዳ ሮጥኩት» አለን። ቴምር በሻንጣው ይዟል፤ ሳይርበኝ ለምን እበላለሁ ብሎ አልነካውም። ውሃውንም እንዲሁ ቆጠበ። ይህችን ነገር አስታውሷት።

ከቁረያት በኋላ ባሕሩ በግራ፣ የምሥራቅ ሐጀር ተራሮች በቀኝ ሆነው አብረው ይጓዛሉ። መንገዱ ደረቅ ወንዞችን፣ እነርሱ ዋዲ የሚሏቸውን፣ እየተሻገረ ያልፋል። ደረቅ ናቸው ተብሎ ግን አይናቁም፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 ጎኑ የተባለው ማዕበል በመጣ ጊዜ በእነዚህ ዋዲዎች የወረደው ጎርፍ በዚህ ዳርቻ ብዙ ጥፋት አድርሷል። ቢማህ ከሚባለው ስፍራ አጠገብ መሬቱ ተደርምሶ የሠራው፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ውሃ የተሞላ ጥልቅ ጉድጓድ አለ። ሰዎች በደረጃ ወርደው ይዋኙበታል፤ እርሱ ሰዓቱ እንዳይሄድበት ከላይ ተመልክቶት አለፈ። ዙህርን በመንገድ ዳር መስጊድ አሳጥሮ ሰገደ፣ ዐስርንም አብሮ ሰበሰበ። የሸሪዓው ገርነት ለተጓዥ ምን እንደሆነ ያን ቀን እንደገባው ነግሮናል፤ እኛ በክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ስናስተምረው አልገባውም ነበር ማለት ነው!

ከሰዓት በኋላ ምድሩ ሲግል ነፋሱ ከባሕር ወደ የብስ ይነሣል፤ ብስክሌቱንም ከጎን ይገፋው ጀመር። ጢዊ ላይ ተራራው ተሰንጥቆ የቴምርና የሙዝ እርሻ ይታያል። እርሱን አልፎ ጥቂት እንደሄደ ግን ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ከዳው። እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ብዥ አለ፣ ከመንገዱ ዳር ተቀመጠ። በጡንቻና በጉበት የሚጠራቀመው ስኳር ለጥቂት ሰዓታት ብርቱ ድካም ብቻ የሚበቃ ነው። ተጓዥ ሳይርበው ካልበላና ሳይጠማው ካልጠጣ፣ ረኃቡ በመጣ ጊዜ ጉዳቱ ደርሷል። ጠዋት የቆጠበውን ቴምር አሁን አፉ እንኳ አልቀበል አለው። የቀረው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

ስንነሣ የሚሸኘን አለ፤ ስንደርስ የሚቀበለን አለ። መካከሉ ግን ሰው የለውም።

በዚያ ሳለ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ፒካፑን አቁሞ «ያ ወለዲ» ብሎ ጠራው፤ ልጄ ሆይ ማለት ነው። ብስክሌቱን ልጫንልህ ቢለው እንቢ አለ። ሽማግሌው አልተከራከረም፤ ውሃና ጨው ያለበት ምግብ ሰጥቶት፣ በጥቂት በጥቂቱ እንዲበላ አዝዞት ሄደ። ወጣቱም ግማሽ ሰዓት ያህል ዐርፎ በዝግታ ተነሣ።

ከፊቱ ቀልሃት ነበረች። ከሱር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የቢቢ መርየም የመቃብር ሕንፃ ዛሬም ቆሞ የሚታይባት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና የተመዘገበች ጥንታዊት የወደብ ከተማ ናት። ታላቁ ተጓዥ ኢብኑ በጡጣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከሱር ሆኖ ቢያያት ቅርብ መሰለችው። በእግሩ ተነሥቶ በጥማትና በድካም ተሠቃየ፤ ሲደርስ እግሩ አብጦ ለቀናት መቆም አልቻለም። ዓለምን የዞረ ሰው በዓይኑ የለካው መንገድ አታለለው።

ወጣቱ ወደ ቀልሃት ሲቃረብ ያ ፒካፕ ከመንገዱ ዳር ቆሞ አየው። ሽማግሌው ሌላ ውሃ ይዞ ይጠብቀው ነበር። «የመጀመሪያው ውሃ ነፍሴን መለሰልኝ፤ ሱር ያደረሰኝ ግን ተመልሶ መምጣቱ ነው» አለን። ሱር የገባው ከመግሪብ በኋላ ነው።

ይህን በስልክ ሲነግረን ዝም አለና «ኡስታዝ፣ 8ኛ ክፍልን አስታወስኩ» አለ። እኛም አስታወስን። በዚያ ዓመት ካፊሉ መክፈሉን አቋረጠ። ካፊሉን አንወቅስም፤ የሰው ኑሮ ይጠብባል። መዝገቡ ግን በእኛ እጅ ነበር፤ ሰባት ወር ሙሉ አላየነውም። እናቱ ሻይ እየሸጠች ኪራይ ትከፍላለች፤ እርሱ ደብተሩን ትቶ ገበያ ዕቃ ይሸከማል። በረመዳን አንድ ጊዜ ሰጥታ የሄደች አንዲት እኅት ተመልሳ መጥታ «ያ ልጅ የት ደረሰ?» ባትለን ኖሮ ወደ ትምህርት ቤት የሚመልሰው አልነበረም። እርሷ ይህን ስትሰማ ራሷን ታውቃለች። የጠየቀችን አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረች፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ እናፍርባታለን።

በዚያው ስልክ ሦስት የቲሞችን ልያዝ አለን። ደሞዙን ጠየቅነው፤ የቤት ኪራዩን፣ ለእናቱ የሚልከውን፣ የሚበላውን አብረን ደመርን። «ይህ ከቁረያት በፊት የሮጥከው ሩጫ ነው» አልነው። አላህ ዘንድ ይበልጥ የተወደደው ሥራ ጥቂት ቢሆንም የሚዘወተረው መሆኑን ያስቀራነው እኛው ነንና ሊከራከረን አልቻለም። አንድ ልጅ ያዘ። ልጁ 7ኛ ክፍል ነው።

ከዚያ ወዲህ ገንዘቡ በየወሩ በደረሰ ቁጥር አብራው አንዲት ጥያቄ ትመጣለች፦ ልጁ በዚህ ወር ከትምህርት ቀርቷል ወይ? መልስ ካዘገየን ደግሞ ይደውላል። ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ ደወለ።