ስለ መርከብ መኰንንነት ትምህርትና ፈቃድ
(በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



በዚህ የበዓል ቀን ስለ ባሕር ልናገር ስነሣ አንዳንዶቻችሁ እንደምትስቁ ዐውቃለሁ። ከአዳማ እስከ ጅቡቲ ያለውን በረሓ ያየ ሰው፥ የአዳማ ልጅ ከመርከብ ጋራ ምን አገናኘው ቢል አይፈረድበትም። በአጠገባችን የሚያልፈው አዋሽ እንኳ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ነገር ግን ሞጆ ደረቅ ወደብ ሄዳችሁ የተደረደሩትን ኮንቴይነሮች ብትመለከቱ፥ የባሕር ሥራ እስከ ደጃችን ድረስ የመጣ መሆኑን ትረዳላችሁ።

አገራችንም ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። የባሕር ኃይላችን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1955 ዓ.ም. ሲቋቋም የኖርዌይ መኰንኖች ወጣቶቻችንን በማስተማር ረድተዋል። የንግድ መርከብ ድርጅታችን ደግሞ በእኛ አቈጣጠር በ1956 ዓ.ም. ተመሠረተ። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን የባሕር በራችን ቀረ፤ መርከቦቹ ግን አልቀሩም። ጊቤና ሸበሌ እየተባሉ፥ በወንዞቻችን ስም እየተጠሩ፥ ከጅቡቲ ወደብ መመላለሳቸውን ቀጠሉ።

እንግዲህ አንድ ወጣት የመርከብ መኰንን የሚሆነው እንዴት ነው? ቀድሞ እያንዳንዱ መንግሥት ፈቃድ የሚሰጠው በየራሱ ደንብ ነበር። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. ቶሪ ካንየን የሚባል ነዳጅ ጫኝ መርከብ ካፒቴኑ አጭሩን መንገድ በመምረጡ በእንግሊዝ አገር ጠረፍ ከዐለት ጋራ ተጋጨ፤ ከመቶ ሺህ ቶን በላይ ድፍድፍ ዘይት ጭኖ ነበርና ባሕሩንም ዳርቻውንም አበላሸ። ከዚያ በኋላ ከተደረጉት ስምምነቶች አንዱ፥ በ1978 ለንደን ላይ ስለ መርከበኞች ሥልጠናና ምስክር ወረቀት የተደረገው ነው። በ1995ና በ2010 ተሻሽሎ ዛሬም ይሠራበታል።

በዚህ ስምምነት መሠረት ለመኰንንነት የሚታጨው ሰው ዕድሜው ከ18 ዓመት ማነስ የለበትም (ይህን እንኳ እኔ አሟልቻለሁ)። ከሁሉ አስቀድሞ በባሕር ላይ ራስን ማዳን፥ እሳት ማጥፋት፥ የመጀመሪያ ርዳታና የመርከብ ላይ ጥንቃቄ ይማራል። ከዚያ መርከብ ነጂው የባሕር ካርታ፥ ራዳርና ከዋክብት፥ የሞተር ክፍል ሰው ደግሞ ሞተርና ኤሌክትሪክ ይቀጥላል። ይሁን እንጂ የክፍል ትምህርት ብቻውን ማንንም መኰንን አያደርግም። መርከብ ነጂው ቢያንስ 12 ወር በባሕር ላይ ማገልገል አለበት፤ ከዚህም ስድስቱን ወር በካፒቴን ወይም ብቁ በሆነ መኰንን ሥር ተረኛ ሆኖ፥ የሠራውን ሁሉ በደብተር እያስመዘገበ ይቆያል። የታወቀ የሥልጠና ፕሮግራም ያልተከተለ መርከበኛ ግን 36 ወር ይጠበቅበታል። ለሞተር ክፍል መኰንን የወርክሾፑ ልምምድና የባሕሩ አገልግሎት ተደምሮ ከ12 ወር አያንስም። ፈተናውን ያለፈ ሰው ምስክር ወረቀቱን ከመንግሥት ይቀበላል፤ በአገራችን ይህ የማሪታይም ባለሥልጣን ሥራ ነው። ወረቀቱ በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል፤ የጤና ምርመራውም ከሁለት ዓመት በላይ አያገለግልም።

ስለ ጤና ካነሣሁ አይቀር፥ ከእኔ ይልቅ ባሕርን ይመኝ የነበረ አንድ ጓደኛ አለኝ። በባዮሎጂ ክፍል የቀለም ነጠብጣብ ያለበትን ሥዕል ስናይ ቀዩን ከአረንጓዴው መለየት አቃተው። መርከብ በሌሊት በቀኙ አረንጓዴ፥ በግራው ቀይ መብራት ያበራል፤ ተረኛው መኰንን የሚመጣውን መርከብ አቅጣጫ የሚያውቀው እነዚህን ለይቶ ነው። ስለዚህ የመርከብ ነጂነት በር ለጓደኛዬ ተዘጋ። ሁለት ቀን ሙሉ ከማንም ጋራ አልተነጋገረም። አሁን ስለ ደረቅ ወደብ ሥራ ይጠይቃል።

በአገራችን መማር ለሚፈልግ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ላይ የማሪታይም አካዳሚ አለ፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው ኢንስቲትዩት ደግሞ በመካኒካልና በኤሌክትሪካል ምህንድስና የተመረቁትን ተቀብሎ ለመርከብ ሥራ ያሠለጥናል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ዲግሪው፥ ሥልጠናው፥ ከዚያም የባሕሩ ወራት። ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ይመስለኛል፤ ለልምምድ የሚቀበለው መርከብ ያላገኘ ተማሪ ምንም ቢያውቅ ፈቃዱን አያገኝምና።

እናቴ ዛሬ ከኋላ ተቀምጣለች። ይህን አሳብ መጀመሪያ በነገርኋት ጊዜ፥ «ልጄ፥ ባሕር እኮ መቃብር የለውም» ብላ ቡናዋን ሳትጨርስ ተነሣች። እማዬ፥ ስለ እሳት ማጥፋቱና ስለ ነፍስ ማዳኑ ትምህርት ያስረዘምሁት ለአንቺ ብዬ ነው። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ቅጽ ስሞላ በመጀመሪያው መስመር ላይ መካኒካል ምህንድስና እጽፋለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ማታ ቤት ስንገባ ቡናውን እንደገና እናፍላና እንነጋገር።