23 ሚሊዮን ሄክታር በወረቀት ላይ

(ስለ ባዮ ነዳጅና ስለ መሬት አጠቃቀም አዲስ አበባ ውስጥ በተደረገ ውይይት ላይ ያሰማሁት ንግግር)



ሳይንቲስት አይደለሁም። በዲፕሎማ የተመረቅሁ፣ ጽሑፍ ሸጬ የማድር ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ነኝ። ስለዚህ የማወራችሁ ስለ ማባዛትና ስለ መቀነስ ብቻ ነው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 መንግሥት የባዮ ነዳጅ ስትራቴጂ አወጣ። ለባዮ ዲዝል ተክል የሚስማማ 23 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት አለን ይላል ሰነዱ። ሃያ ሦስት ሚሊዮን! የአገሪቱ ጠቅላላ ስፋት 110 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው። ከአምስት እጁ አንዱ መሆኑ ነው። ያኔ ገበሬያችን በጤፍ በበቆሎው፣ በስንዴ በማሽላው ይሸፍነው ከነበረው መሬት ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ኧረ ለመሆኑ ይህ ሁሉ መሬት የት ተቀምጦ ነበር? “ጠፍ ነው፣ ባዶ ነው” ተባለ። ባዶ በተባለው ላይ ግን አርብቶ አደሩ ከብቱን ያሰማራል፣ ሴቶች እንጨት ይለቅማሉ፣ ቀፎ ይሰቀላል። ካርታ ላይ ይህ አይታይም።

የሒሳቡ ሌላው እግር ምርት ነው። የጃትሮፋ አሻሻጮች በየአገሩ ድርቅ አይፈራም፣ በሄክታር 50 ኩንታልና ከዚያ በላይ ፍሬ ይሰጣል እያሉ ሰበኩ። ተንኮሉ እዚህች ላይ ነው። ጃትሮፋ ጠፍ መሬት ላይ አይሞትም፤ እውነት ነው። አለመሞትና ማፍራት ግን ለየቅል ናቸው። ያለ ውሃና ያለ ማዳበሪያ በደረቅ መሬት ላይ ሲተከል ብዙ ቦታ 10 ኩንታልም አልሞላም። እስቲ በደግነት 10 ኩንታል እንበል። ከፍሬው ሲሶ ያህሉ ዘይት ነው፤ ተጨምቆ የሚወጣው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። 300 ሊትር ቢገኝ ነው። የአንድ ሄክታር የዓመት ልፋት የአንድ ተሳቢ መኪና ሰልባትዮ መሙላቱን እንጃ! ከዚያ ላይ ደግሞ ትራክተሩ የጠጣውን፣ ፍሬውን የጫነው አይሱዙ ያቃጠለውን ናፍጣ ቀንሱ። ለፖሊሲ የሚፈለገው ይህ የተጣራው ነው እንጂ አጃቢ ቁጥር አይደለም። ቢፒ የተባለው የእንግሊዝ ዘይት ኩባንያ በ2007 በጃትሮፋ ሽርክና ገብቶ በ2009 ጥሎ ወጣ። የራሱን ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ሒሳቡ ቶሎ ይገባዋል።

ያን ሰሞን ደግሞ ነዳጅ ጣራ ነክቶ ነበር፤ በሐምሌ 2008 በርሜሉ 147 ዶላር ደረሰ። በዚያው ዓመት ማለቂያ ከ40 ዶላር በታች ወረደ። በ147 የተሠራ እቅድ በ40 ምን ይውጠዋል?

ወደ ወላይታ ልውሰዳችሁ። እናቶቻችን ምጣድ የሚያሰሱበትን ጉሎ ገበሬው በኮንትራት እንዲዘራ ተደረገ። በእኛ በ2000 ዓ.ም. በልጉ ቀረ፣ ረሃብ ገባ። ረሃቡን ያመጣው ጉሎ ነው አልልም፤ ዝናቡ ነው። ከዓመታት በኋላ ሶዶ አካባቢ ያገኘኋቸው አንድ አባት ግን እንዲህ አሉኝ፦ “ልጄ፣ ስኳር ድንች ገዢ ቢያጣ ልጆች ይበሉታል። ጉሎን ምን አደርገዋለሁ?” የጉሎ ፍሬ መርዝ ነው። እኚህ ሰው የጠየቁትን ያህል የጠየቀ የጥናት ወረቀት ብዙም አላጋጠመኝም።

ምሥራቅ ሐረርጌም ላይ ለአንድ የጀርመን ኩባንያ ለጉሎ የተሰጠው መሬት ከባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ጋር ተደራርቦ ተገኘ። ካርታው ላይ ዝሆን አልነበረማ!

ሁሉን ላጣጥል ግን አልመጣሁም። የፊንጫው ኢታኖል ከስኳር ከሚተርፈው ሞላሰስ የሚወጣ ነው። ለእሱ ሲባል ተጨማሪ መሬት አልታረሰም። በ2008 አዲስ አበባ ላይ 5 በመቶ፣ በ2011 ደግሞ 10 በመቶ ከቤንዚን ጋር ተቀላቀለ። ይህ ያስኬዳል። ሆኖም እዚህም መቀነስ አለ፤ ኢታኖል የቤንዚንን ሁለት ሦስተኛ ያህል ጉልበት ብቻ ነው ያለው። 10 ሊትሩ የ6 ሊትር ተኩል ሥራ ይሠራል። ደግሞም የዚህ አገር ሸቀጥ የሚጓዘው በናፍጣ ነው፤ ኢታኖል ናፍጣን አይተካም። በጅጅጋ በኩል በስደተኞች መጠለያ ኢታኖል የወጥ ማብሰያ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ሠርቷል። አብዛኛው እናት ዛሬም በእንጨትና በኩበት ጭስ ዓይኗ እየጠፋ ባለበት አገር፣ ያለችን ጥቂት ኢታኖል መኪና ውስጥ ትግባ ወይስ ማድ ቤት? ይህም የፖሊሲ ጥያቄ ነው።

በ2024 የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏልና የባዮ ነዳጁ ወሬ ሞቷል የምትሉ ትኖራላችሁ። ከባድ መኪናው ግን ናፍጣውን እየጠጣ ነው፤ ዶላሩም እንደጠበበ ነው። ሰነዱ አቧራው ተራግፎ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ያኔ በዚያው መሬት ላይ ቢያንስ አራት አምስት ዓመት ተተክሎ የተመዘነ ፍሬ እንዲያሳዩን እንጠይቅ፤ ጃትሮፋ ወግ ያለው ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይፈጃልና። ቀበሌው ውስጥ ማን ከብቱን እንደሚያግድበት፣ ዝናብ ቢቀር ኪሣራውን ማን እንደሚሸከምም ይጻፍ።

እዚህ ከፊት ወንበር ለተቀመጣችሁ ባለሥልጣናት አንድ ጥያቄ አለኝ። ከ23 ሚሊዮኑ ሄክታር ውስጥ በእግር ተኪዶበት፣ ነዋሪው ተጠይቆ፣ አፈሩ ተመርምሮ የተለካው ስንቱ ነው? ማስታወሻ ደብተሬን ይዣለሁ፤ ከሻይ በኋላም ቢሆን እጠብቃችኋለሁ።