ስለ ዶሮ ቤት ጕዝጓዝና ስለ ንጽሕናው



ዶሮ በኢትዮጵያ ቤት ሁሉ የታወቀች እንስሳ ናት። ድኻው ስለ እንቍላሏ፣ ባለጸጋው ስለ ዓመት በዓል ወጡ ይፈልጋታል፤ የብዙ ተማሪ ደብተርና እርሳስም የሚገዛው እናቲቱ ወደ ገበያ ከምታወጣው እንቍላል ነው። ነገር ግን ጥቅሟን የሚያውቅ ሁሉ ስለ ማደሪያዋ አያስብላትም። ቀን የምትጭረውን መሬት ሰው ያየዋል፤ ሌሊት የምታድርበትን ወለል ግን ጐንበስ ብሎ የሚመረምረው ጥቂት ነው። ከዶሮ ደዌ ብዙው የሚነሣው ደግሞ ካልተመረመረው ስፍራ ነው። ስለዚህ የዛሬው ነገር ስለ ዶሮ ቤት ወለልና በወለሉ ላይ ስለሚነጠፈው ጕዝጓዝ ነው።

ለዚህ ነገር የሐዋሳ ከተማ መልካም ምሳሌ ትሆናለች። ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. በሐይቅ ዳር ተቈርቍራ፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት። ከፍታዋ 1,700 ሜትር ግድም ስለ ሆነ አየሯ ሞቃት ነው፤ ዝናቡም ከመጋቢት እስከ መስከረም ይመላለሳል። ሙቀትና እርጥበት ባንድነት ሲገኙ ለአትክልት ልምላሜ ናቸው፤ ለተዘጋ የዶሮ ቤት ግን ፈተና ናቸው። በከተማውም ግቢው ጠባብ ነውና የአንዱ ዶሮ ቤት ሽታ አጥሩን አልፎ የጎረቤቱን ማዕድ ያውካል። በዚህ ስፍራ ዶሮን በንጽሕና መያዝ የቻለ ሰው በሌላው አገር ሁሉ ሊይዝ ይችላል።

አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው፣ ዶሮ ከሰው መኝታ መለየቷ ነው። ሸለምጥማጥንና ሌባን በመፍራት ዶሮውን ሌሊት ከልጆች ጋር በአንድ ክፍል የሚያሳድር ቤት ብዙ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ ገጠር የታተመ ጥናት፣ ዶሮ ባለበት ቤት የሕፃናቱ ቁመት የተሻለ ሆኖ እንደ ተገኘ፣ ዶሮው ሌሊት ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር በሚያድርበት ቤት ግን ነገሩ ተገላብጦ እንደ ታየ ገልጿል። እንግዴህ እንቍላሉ ለሕፃኑ የሚሰጠውን ኩሱ እንዳይነሣው መጠንቀቅ የወላጅ ፈንታ ነው። የሚዳኽ ሕፃን እጁን ከመሬት ወደ አፉ ይወስዳልና።

ማደሪያውም ከተለየ በኋላ ወለሉ ይታሰብ። አንዲት እንቍላል ጣይ ዶሮ በአንድ ቀን 100 ግራም ያህል ኩስ ትጥላለች፤ ከዚህም ሦስት አራተኛው ውኃ ነው። እንግዴህ 10 ዶሮዎች በቀን 1 ኪሎ፣ በ30 ቀን 30 ኪሎ ይጥላሉ ማለት ነው፤ ከ30ውም ኪሎ 22 ኪሎ ተኩሉ ውኃ ነው። ጕዝጓዝ የሚነጠፈው ዶሮይቱ እንዲደላት ብቻ አይደለም፤ ይህን ውኃ መጥጦ፣ በጭረቷ እየተገለበጠ፣ ለነፋስ እንዲሰጠው ነው። ጕዝጓዝ የሌለው ወለል ወይም ያረጀና የተጠቀጠቀ ጕዝጓዝ ግን ውኃውን ይዞ ይቀራል።

ከዚህ እርጥበት ሁለት ክፉ ነገሮች ይወለዳሉ። አንደኛው ዓይን የሚቈጠቍጠው፣ አሞንያ የሚባለው ሽታ ነው፤ የዶሮይቱን ዓይንና የመተንፈሻዋን ቧንቧ ያቈስላል፤ በቈሰለውም መንገድ ሌላ ደዌ ይገባል። ሰው ቆሞ ሲያሸት ላይሰማው ይችላል፤ የዶሮ አፍንጫ ለመሬት ቅርብ ነውና የሚመረምር ሰው በርከክ ብሎ ያሽትት። ሁለተኛው ኮክሲዲያ የተባለው፣ ጫጩትን ደም እያስቀመጠ የሚገድል ረቂቅ ተውሳክ ነው። ዘሩ ከኩስ ጋር ወድቆ ሙቀትና እርጥበት ካገኘ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ለመያዝ ይበቃል። ብዙው የማጽጃ መድኃኒት አይነካውም፤ ድርቀት ግን ያጠፋዋል። ስለዚህ «ነገር ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው በዶሮ ቤት ሲተረጐም፣ ጫጩት ሳይታመም ወለሉ ይድረቅ ማለት ነው።

ምን ይነጠፍ ቢባል፣ ደረቅ፣ ሻጋታ የሌለበት፣ ውኃ የሚመጥጥ ነገር ሁሉ ይሆናል። በሲዳማ አገር የቡና ገለፈት በብዛት ይገኛል፤ ከአናጺ ቤት የእንጨት ፍቅፋቂ ይገኛል፤ በሌላው አገር የጤፍ ወይም የስንዴ ጭድ በአጭር በአጭሩ ተቈርጦ ይነጠፋል፤ የበቆሎ ቆሮቆንዳም ተሰባብሮ ያገለግላል። የላመ ሰጋቱራ ግን አቧራው ይበዛል፤ አዲስ የተፈለፈሉ ጫጩቶችም እህል መስሏቸው ስለሚለቅሙት፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት በላዩ ወረቀት ይነጠፍበት፤ ወረቀቱም እንዳያዳልጣቸው ሻካራ ይሁን። የሻገተ ጭድ በርካሽ ተገኘ ተብሎ አይነጠፍ፤ የሻጋታው ብናኝ የጫጩቱን ሳንባ ይይዛልና ርካሹ ውድ ይሆናል።

ለ10 ዶሮ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ ቤት ይበቃል። ወለሉ ከውጭው መሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል፤ የጣራው ክፈፍ ወጣ ብሎ ዝናቡን ያርቅ፤ በዙሪያው ትንሽ ቦይ ይቈፈር። ከግድግዳው በላይኛው ወገን በወንፊት ሽቦ የተጋረደ የነፋስ መግቢያ ይተው። ሽቦው አውሬን ብቻ ሳይሆን የዱር ወፍንም ይከለክላል፤ በሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ በሚበለትበት ስፍራ የሚሰበሰቡትን ታላላቅ አሞሮች ያየ ሰው፣ ወፍ ከቆሻሻ ወደ ቆሻሻ እንደሚመላለስ ያውቃል። ከዚህ በኋላ ጕዝጓዙ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው ሆኖ ይነጠፍ።

አያያዙም እንዲህ ነው። ዶሮ ሌሊት በቈጥ ላይ ሆና የምትጥለው ኩስ ብዙ ስለ ሆነ፣ ከቈጡ በታች ሳንቃ ተደርጎ ጧት ጧት ይጠረግ። ውኃ መጠጫው በጡብ ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ በዙሪያው የረጠበው ጕዝጓዝ በዚያው ቀን ወጥቶ በደረቅ ይተካ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሁሉም በመንሽ ይገልበጥ፤ ጥቂት እህል ቢበተንበት ግን ዶሮዎቹ ራሳቸው እየጫሩ ይገለብጡታል። «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» ይባላል፤ በዚህ ስፍራ ግን ጭረቷ ለራሷ ጤና ይሆናታል። መልካምነቱ በእጅ ይፈተናል፤ አንድ እፍኝ ተጨብጦ ሲለቀቅ እንደ ሊጥ ድብልብል ብሎ ከቀረ እርጥብ ነው፤ ጥቂት ተያይዞ ከተበተነ ደኅና ነው፤ እንደ አመድ ከቦነነ እጅግ ደርቋል። ከፈተናውም በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ።

በየጊዜው ሁሉን ጠርጎ መጣል ግድ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1940ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ በኦሃዮ የእርሻ ምርመራ ጣቢያ የነበሩ ሊቃውንት፣ በአሮጌው ላይ አዲስ እየጨመሩና እያገላበጡ የያዙት ወፍራም ጕዝጓዝ ደረቅ እስከ ሆነ ድረስ ለዶሮ እንደሚስማማ አስተውለዋል። ይህ ግን ለትጉህ ሰው የተሰጠ ፈቃድ እንጂ ለሰነፍ ማመካኛ አይደለም። የተያዙት ዶሮዎች ተሸጠው አዲስ ሲገቡ፣ ወይም ደዌ ሲገባ፣ ሁሉ ወጥቶ ወለሉና ቈጡ በሳሙና ይታጠብ፤ ቅንቅን በቈጡ ስንጥቅ ውስጥ ቀን ተደብቆ ሌሊት ደም ይመጥጣልና ስንጥቁ የፈላ ውኃ ይፍሰስበት፤ ግድግዳው ኖራ ይቀባ፤ ፈጽሞ እስኪደርቅም ዶሮ አይግባበት፤ ቢቻል 2 ሳምንት ባዶውን ይረፍ።

የወጣው ጕዝጓዝ ሀብት ነው፤ ነገር ግን እንደ ወጣ በተክል ሥር ቢጣል ሥሩን ያቃጥላል። ከቅጠልና ከሣር ጋር ተከምሮ፣ እየተገላበጠ ከ2 እስከ 3 ወር ቢቈይ፣ ለእንሰትም ለጎመንም ለቡናም መልካም ማዳበሪያ ይሆናል። ወደ ጎዳና ቦይ መጣል ግን በደል ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ጎርፍ ያወረደው ቆሻሻ በዚያው ይቀራል፤ ከዚያም ሐይቅ ዓሣ ይበላል። በጓሮ የሚያበለጽገው በሐይቅ ያበላሻል ማለት ነው።

ይህም ሁሉ ተደርጎ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ፈንግል የተባለው መቅሠፍት በንጽሕና ብቻ አይመለስም፤ ክትባት ያስፈልገዋል። ዶሮ ንጹሕ ቤት አላት ብሎ ክትባቱን መተው፣ ቤቱን በሚገባ ዘግቶ መስኮቱን ክፍት እንደ መተው ነው። ሁለቱ ባንድነት ይሂዱ።

እንግዴህ መምህሩ የ10 ዶሮውን ሒሳብ በሰሌዳ ላይ ያሠራ፤ ተማሪዎቹም ያባቶቻቸውን ዶሮ ቤት ለክተው፣ ጕዝጓዙን በእጃቸው ፈትነው ያገኙትን ይጻፉ። ሽማግሎችም በዕድርና በሸንጎ፣ ዶሮ ከሕፃን መኝታ ትለይ ብለው ይምከሩ። ልጅ ከመምህሩ የሰማውን አባት ከሽማግሌው ከሰማው ነገሩ በቤት ይጸናል። ለዚህ ሥራ የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የሚያስፈልገው ጧት ጧት ጐንበስ ብሎ ማየት ነው።