የኮድ ሥዕልና የእኛ ሁለት ነጥብ

(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ቀን፣ በቂሊንጦ ግቢ የቀረበ ንግግር)

ከእኔ በኋላ ምሳ ስላለ እንዳታሙኝ ቶሎ ወደ ጉዳዬ ልግባ። የማወራው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ኮድን ወደ ሥዕል ቀይሮ ስለማካፈል።

ይህ ዩኒቨርሲቲ በ2011 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ዓመታት ኮድ የምንቀባበለው በፍላሽ ነበር። ዛሬ በቴሌግራም ነው። የየባቹን ቡድን ከፍታችሁ ወደ ላይ ብትስቡ፣ ጥቁር መደብ ላይ በቢጫ፣ በሰማያዊና በሮዝ የተጻፉ፣ ግራ ጥጋቸው ላይ ሦስት ባለ ቀለም ነጥቦች ያሏቸው ሥዕሎች ታያላችሁ። ብዙዎቹ ካርቦን ወይም ሬይሶ በሚባሉት ድረ ገጾች የተሠሩ ናቸው፤ ኮድስናፕ የሚባለው ደግሞ እዚያው ቪኤስ ኮድ ውስጥ ይሠራል። ኮዱን ትለጥፋላችሁ፤ ፕሮግራሙ ይቆራርጠዋል፦ ይህ ቁልፍ ቃል ነው፣ ይህ ቁጥር ነው፣ ይህ በጥቅስ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ነው፣ ይህ ማስታወሻ ነው እያለ። ለየዓይነቱ ቀለም ሰጥቶ ፎቶ ያወጣላችኋል።

ልጆቹ ይህን የሚያደርጉት ለማሸብረቅ ነው የሚል አስተያየት እሰማለሁ። አልስማማም። የፓይተን ኮድ ተራ መልእክት አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ብትልኩ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ግራና ቀኙ ሁለት ሁለት አንደርስኮር ያለው ቃል አንደርስኮሩ ይጠፋና ቃሉ ያጋድላል፤ ቴሌግራም ትእዛዝ መስሎት ነው። መስመሩ በጠባቡ የስልክ ስክሪን ላይ ይታጠፍና የቱ ወደ ውስጥ እንደገባ፣ የቱ እንደወጣ አይለይም። ፓይተን ላይ ደግሞ መግባትና መውጣቱ ትርጉም ነው። ሥዕሉ ግን እንደተጻፈ ይደርሳል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ ብዙ ተማሪ የነበረው ስልኩ ጋለሪ ውስጥ ያለው ብቻ ነበር። ስለዚህ ሥዕሉን አትናቁት።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። እስቲ አንዱን ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የላከችልኝ ሥዕል ነበር። ስምንት መስመር፣ ንጹሕ ኮድ፣ ቆንጆ ቀለም። «ጋሼ፣ ለምን እንደማይሠራ አልገባኝም» ትላለች። አየሁት፤ ምንም የለበትም። ወደ ኮምፒውተሬ ገለበጥኩት፤ ሠራ። እሷ ጋ አይሠራም። በመጨረሻ «ፋይሉን ራሱን ላኪልኝ» አልኳት። ፎር የሚለው መስመር መጨረሻ ላይ ያለው ኮሎን፣ ኮሎን አልነበረም። የእኛ ሁለት ነጥብ ነበር። ከኮሎኑ በፊት በጥቅስ ውስጥ አማርኛ ጽፋ፣ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ሳትመልስ ቀጥላለች። ለዓይን ሁለቱም ሁለት ነጠብጣብ ናቸው። ለፓይተን ግን አንዱ የትእዛዝ ምልክት፣ ሌላው በዩኒኮድ ቁጥር 1361 የተመዘገበ የግዕዝ ቃል መለያ ነው። ድርብ ሰረዝም ከሴሚኮሎን ጋር እንዲሁ ያምታታል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ሥዕሉ የሚያሳየው ቅርጽን እንጂ ማንነትን አይደለም። ፋይሉ ቢኖረኝ ፓይተን ራሱ ስሕተቱን በቁጥሩ ይነግረኝ ነበር፤ ከሥዕሉ ላይ ግን የሚያውቅ ሰውም አይለየውም። እኔም ስገለብጥ ሳላስበው ትክክለኛውን ኮሎን ጻፍኩ፤ ማለትም ስሕተቱን ሳላየው አረምኩላት። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ፕሮግራመር ይህ ዓይነት ችግር ብዙም አይገጥመውም። ለእኛ ግን የዕለት ተዕለት ነው፤ ሁለት ኪቦርድ ይዘን ነውና የምንጽፈው።

ሁለተኛው የፎንት ጉዳይ ነው። ዳንኤል ያዕቆብን የመሳሰሉ ሰዎች ደክመው ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ገብቷል። ፓይተን 3 ደግሞ ተለዋዋጭን «ዋጋ» ብላችሁ እንድትሰይሙ ይፈቅዳል፤ ለጀማሪ ማስተማሪያ ብንጠቀምበት ክፋት የለውም ባይ ነኝ። ኮድ የሚጻፍባቸው ፎንቶች ግን ሁሉም ምልክት እኩል ስፋት እንዲይዝ ሆነው የተነደፉ ናቸው፤ አብዛኞቹም ግዕዝ የላቸውም። ድረ ገጹ ፊደሉን ከሌላ ፎንት ይበደራል፤ «ጭ» እና «ሀ» ስፋታቸው ስለሚለያይ በአማርኛ የተጻፈው ማስታወሻ ዓምዱን ያዛንፈዋል። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውና እኔ የምወደው ፒግመንትስ፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የፓይተን መሣሪያ ነው፤ በአንድ ትእዛዝ ፒኤንጂ ሥዕል ያወጣል። ነገር ግን የሰጣችሁት ፎንት ግዕዝ ከሌለው አይበደርም፤ ባዶ ሣጥን ይደረድራል።

የምስጢር ቁልፍ ነገርም አለ፣ በአጭሩ ልለፈው። የቴሌግራም ቦት ቁልፍ በሥዕል ላይ ስታዩ ለልጁ ወዲያው ንገሩት፤ ሥዕሉን ማጥፋት አይበቃም፣ ቦትፋዘር ላይ ቁልፉን ሽሮ አዲስ ያውጣ።

መምህራንን ግን አንድ ነገር በተለይ ልለምን። ማየት የተሳነው ተማሪ በስክሪን አንባቢ ነው የሚማረው። ለእሱ የኮድ ሥዕል ዝምታ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሥዕሉን ላኩ፣ ከሥሩ ኮዱን በሦስት ባክቲክ መካከል ለጥፉ። ቴሌግራም እንደዚያ የተጻፈውን አያጋድልም፣ አይበላም፤ የቋንቋውን ስም ብትጨምሩለት ራሱ ያቀልመዋል። ተማሪውም ነክቶ ይገለብጠዋል። ሥዕል ብቻ መላክ ካለባችሁም ፎቶ ብላችሁ ሳይሆን ፋይል ብላችሁ ላኩት፤ ፎቶ ሲባል ይጨመቅና የፊደሉ ጠርዝ ይደበዝዛል፤ ያኔ ነጥብና ሰረዝ መለየት ቀረ ማለት ነው።

እኔ ከዚያች ልጅ በኋላ በፒግመንትስ ላይ ትንሽ ፕሮግራም ጽፌያለሁ። ሥዕሉን ከማውጣቱ በፊት ከጥቅስና ከማስታወሻ ውጭ የገባ የግዕዝ ነጥብ ካገኘ በቀይ ያከብበዋል፤ ለላቲኑ አንድ ፎንት፣ ለግዕዙ ሌላ ፎንት ይጠቀማል፤ ከሥዕሉ ጎን የጽሑፍ ፋይሉንም ያስቀምጣል። ይሠራል። ያልፈታሁት ስፋቱን ነው። ዩኒኮድ የቻይና ፊደላትን ሰፊ ብሎ ስለመዘገባቸው ተርሚናል ሁለት ክፍል ይሰጣቸዋል፤ ግዕዝ እንደዚያ ስላልተመዘገበ አንድ ክፍል ብቻ ይደርሰዋል፣ «ጭ» ደግሞ እዚያ ውስጥ ይጨናነቃል። ሁለት ክፍል ብሰጠው «ሀ» ሜዳ ላይ እንደቆመ ሰው ብቻውን ይቀራል። ይህ የፕሮግራመር ጥያቄ አይደለም፤ የፊደል ነዳፊ ጥያቄ ነው። ለመመረቂያ ሥራ ርዕስ የሚፈልግ ተማሪ ያላችሁ መምህራን፣ ወይም ፎንት መንደፍ የሚችል የባቻችሁን ልጅ የምታውቁ፣ ኮዱን በፍላሽም በቴሌግራምም ይዤዋለሁ፤ ምሳ ላይ ፈልጉኝ።