ጠባቂው የተሰናበተበት ግምጃ ቤት



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ የሊኑክስ ሥርዓት የጥቅል አስተዳዳሪውን በስሕተት ባጣ ጊዜ እንዴት ሊመለስ እንደሚችል ነው። ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለምንሠራ ባለሙያዎች ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ሰርቨር ሲታመም ቶሎ የሚሰነዘረው ፍርድ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነውና። እኔ ግን ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ያለ አግባብ የሚሰጥ ነው እላለሁ።

የጥቅል አስተዳዳሪ ማለት የመሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ጠባቂ ማለት ነው። ጠባቂው ገቢውን በሞዴል 19፣ ወጪውን በሞዴል 22 እንደሚመዘግብ ሁሉ፣ በዴቢያንና በኡቡንቱ ዲፒኬጂ የተባለው ፕሮግራም ጥቅሎችን ተክሎ በመዝገብ ያሰፍራል፤ አፕት ደግሞ ከሩቅ ማከማቻ ያመጣለታል። ጠባቂው ቢሰናበት ዕቃው ከመደርደሪያው አይነሣም፤ መዝገቡም በአብዛኛው በቦታው ይቀራል። የክሊኒኩ የሕሙማን መረጃ ሳይነካ ይገኛል፤ የሚያጠፋው ፎርማቱ ነው።

እንዲህ ያለው ጥፋት የጀማሪ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ካናዳዊው የቪዲዮ አዘጋጅ ሊነስ ሰባስቲያን በፖፕ ኦኤስ ላይ ስቲም የተባለውን የጨዋታ ፕሮግራም ሊጭን ሲል፣ አፕት ለማስጠንቀቂያ በእጅ እንዲጻፍ የሚጠይቀውን ዐረፍተ ነገር ጽፎ የዴስክቶፑን ገጽታ በሙሉ አስወግዷል። የአፕት ሠሪዎችም ከዚያ በኋላ በሩን አጠበቁት።

ወደ ፈውሱ እንለፍ። በዋና አስተዳዳሪነት የተከፈተው ተርሚናል አይዘጋ፤ ኮምፒዩተሩም አይጥፋ። አስቀድሞ የአፕት የታሪክ መዝገብ ይነበብ፤ ምን እንደ ወጣ በዝርዝር ይናገራልና። የጠፋው አፕት ብቻ ከሆነ ሥራው አጭር ነው፤ የዚያኑ ዕትምና የዚያኑ ፕሮሰሰር ዓይነት ጥቅል ከሌላ ኮምፒዩተር በፍላሽ አምጥቶ በዲፒኬጂ መትከል ይበቃል። ዕትሙ ከተለያየ ግን አዲሱ ፕሮግራም በአሮጌው ማሽን ላይ የሌለ ላይብረሪ ይጠይቅና አልነሣም ይላል።

ዲፒኬጂ ራሱ የጠፋ እንደሆነስ? የዴቢያን ጥቅል ምሥጢራዊ ነገር አይደለም። ኤአር በተባለው አሮጌ የዩኒክስ መሣሪያ የሚፈታ እሽግ ሲሆን፣ በውስጡ የዕትም ምልክት፣ የመግለጫ ክፍልና የፋይሎች ክፍል ይዟል። ኤአር በማሽኑ ላይ ከሌለ በጎረቤት ኮምፒዩተር ፈትቶ ማምጣት ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ፤ ብዙ ጊዜም አይነገርም። የፋይሎቹን ክፍል በታር ቀጥታ በሥርዓቱ ሥር ላይ የሚዘረግፍ ሰው ሁለተኛ ጥፋት ሊያደርስ ይችላል። ዴቢያን ከ10ኛው ዕትም (እ.ኤ.አ. 2019) ጀምሮ በአዲስ ሲተከል፣ ጥንታዊዎቹ የፕሮግራም ማውጫዎች ወደ ሌላ ማውጫ የሚያመለክቱ ማገናኛዎች ሆነዋል፤ ታርም ማገናኛውን አንሥቶ ባዶ ሊባል በሚችል ማውጫ ይተካዋል። ያን ጊዜ ጠባቂው ብቻ ሳይሆን የግምጃ ቤቱ በርም ይጠፋል። ስለዚህ በተለየ ማውጫ ፈትቶ የሚያስፈልጉትን ፋይሎች ብቻ ወደየቦታቸው መቅዳት ይገባል። ዲፒኬጂ እንደ ተነሣም ያንኑ ጥቅል በራሱ አስተክሎ ስሙን በመዝገብ ማስገባት ያሻል። መዝገቡ የጠፋ ቢሆን እንኳ ዴቢያን የቆዩ ቅጂዎቹን በመጠባበቂያ ማውጫ ያኖራል።

ይህ ሁሉ ጥቅሉ በእጅ ላለው ሰው ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥና ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆይ፣ ከውጭ ማከማቻ አንዲት ፋይል ማውረድ አይቻልም ነበር። በዚያ ሰሞን አፕቱን ያጣ የቡራዩ ወይም የሱሉልታ ሰርቨር የሚድነው በመሳቢያ ውስጥ በተቀመጠ ፍላሽ ብቻ ነበር። የሁለቱ ጥቅሎች ድምር 10 ሜጋባይት አይሞላም፤ በየመሥሪያ ቤታችን ያሉት ማሽኖች ዕትም ተለይቶ፣ በፍላሹ ላይ ስሙ ተጽፎ ከንብረት ክፍሉ ቁልፍ ጋር ሊቀመጥ ይችላል።