ለመሣሪያ የሚጻፍ ደብዳቤ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ዛሬ ልንነግራችሁ የመረጥነው የመገናኛ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው ስለሚጻጻፉት ደብዳቤ ነው። ነገሩ ከእኛ የራቀ አይምሰላችሁ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነት ተይዛ ሳለች ስልክ ተቋርጦ፥ በአዲስ አበባ የነበሩ ልጆች የእናቶቻቸውን ደኅንነት ሳያውቁ ወራት አሳልፈዋል። በሰላም ጊዜስ ቢሆን፥ በሀብሩ ተራራ ላይ ያለ የስልክ ማማ ባትሪው ቢደክም፥ በሩቅ ያለው ባለሙያ በምን ያውቃል?

ለዚህ የሚያገለግል አንድ ደንብ አለ። በ1988 እ.ኤ.አ. ኬስ፥ ፌዶር፥ ሾፍስታልና ዴቪን የተባሉ አራት ሰዎች የጻፉት ሲሆን፥ ስሙ ሲምፕል ኔትዎርክ ማኔጅመንት ፕሮቶኮል ይባላል፤ ቀላል የመረብ አስተዳደር ደንብ ማለት ነው። በዚህ ደንብ ባለሙያው መሣሪያውን ይጠይቃል፥ ያዝዘዋልም፤ መሣሪያውም ይመልሳል፤ ችግር ሲደርስበት ደግሞ ሳይጠየቅ ይጮኻል።

መልእክቱን የሚያዘጋጁት ፈንክሽን የሚባሉ ትንንሽ የፕሮግራም ክፍሎች ናቸው። አንዱ ቁጥርን ያሽጋል፤ አንዱ የሚጠየቀውን ነገር ስም ያሽጋል፤ ሌላው የታሸጉትን ሰብስቦ በትልቅ ፖስታ ይከታል። በየፖስታው ፊት ዓይነቱና ርዝመቱ ይጻፋል። 5 ቁጥር ሲታሸግ 2፥ 1፥ 5 ይሆናል፤ 2 «ቁጥር ነው» ሲል፥ 1 ደግሞ «ርዝመቱ አንድ ባይት ነው» ይላል።

«ከተነሣህ ስንት ጊዜ ሆነህ?» ብለን መሣሪያውን ብንጠይቅ፥ የጥያቄው ስም 1.3.6.1.2.1.1.3.0 ነው። ይህ ሲታሸግ 8 ባይት፥ ከዓይነቱና ከርዝመቱ ጋር 10 ይሆናል። ለመልሱ የተተወው ባዶ ቦታ 2 ስለ ሆነ፥ በውጪው ፖስታ ላይ 12 ተብሎ ይጻፋል። መሣሪያው 8,640,000 ብሎ ቢመልስ፥ በሰከንድ መቶኛ ስለሚቈጥር፥ ልክ አንድ ቀን ሆኖታል።

እንግዲህ የውስጡ ሳይታወቅ የውጪው አይጻፍም፤ ሥራው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። በርዝመቱ አንድ እንኳ ቢሳሳት ተቀባዩ መልእክቱን ይጥለዋል፤ ላኪውም መልስ ሲጠብቅ ይቀራል።

ጥንቃቄም ያሻል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓይነቶች የይለፍ ቃሉ ሳይሰወር ስለሚሄድ፥ የሰማው ክፉ ሰው መሣሪያውን ሊያዝዝበት ይችላል። በ2002 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ሦስተኛው ግን የላኪውን ማንነት ይመረምራል፥ ቃሉንም ይሰውራል።

ወገኖቻችን ሆይ፥ ይህ ደንብ የተቈረጠ መስመር አይቀጥልም፤ የት እንደ ተቈረጠ ግን ያመለክታል። መስመሩን ሄዶ የሚቀጥለው ሰው ነው። ያ ሰው ሁልጊዜ ከሩቅ ከሚመጣ፥ ከወልድያ፥ ከመርሳና ከሀብሩ ልጆች መካከል ቢገኝ አይሻልምን? ስለዚህ ወላጆቻችን፥ ወንዱንም ሴቱንም ልጃችሁን ለዚህ ትምህርት አበርቱልን፤ እናንተም ታናናሾቻችን፥ በስልክ ከመጠቀም አልፋችሁ አሠራሩን መርምሩ።